ውሃው ተቆፈረ፣ ሕጉ ተረሳ፦ የጅግጅጋ ሜዳዎች የ130 ዓመት ታሪክ

በ1885 ዓ.ም. ሃራልድ ስዌይን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንንና አዳኝ ከሶማሌ ጠረፍ ተነስቶ ወደ ምዕራብ ሲጓዝ ጅግጅጋ ደረሰ። ከተማ አላገኘም። ያገኘው በእንጨት የታጠረ ምሽግ፣ 25 ያህል ወታደሮችና ከምሽጉ አጠገብ የተቆፈሩ የውሃ ጉድጓዶች ነበር። ከእርሱ 50 ዓመት ቀደም ብሎ ባርከር የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ የጅግጅጋን ስም የመዘገበው ከዘይላ ወደ ሐረር በሚወጣው የሲራራ ነጋዴዎች መንገድ ላይ ካሉት ማረፊያዎች አንዷ አድርጎ ነው። ሲራራ የሚያርፈው ውሃ ባለበት ነው። ምሽጉ ሳይተከል ጉድጓዱ ነበረ፤ ወታደሩ ሳይመጣ ውሃ የሚቀዳ፣ ተራ የሚጠብቅ፣ ተራ የሚያስጠብቅም ሰው ነበረ።

ይህ ቅደም ተከተል ዛሬ ስለ አገራዊ የውሃ ፖሊሲ ስንነጋገር እየተዘነጋ መጥቷል። መንግሥት ወደ እነዚህ ሜዳዎች ሲመጣ ውሃውን ተረክቦ የተቀመጠው ቀድሞ ሲተዳደር በነበረ አገር ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ምሽጉ ወረዳ፣ ወረዳው አውራጃ፣ አውራጃው የክልል ዋና ከተማ ሆኗል። የመሣሪያው ዓይነትም ከቆዳ መቅጃ ወደ ናፍጣ ሞተር፣ ከሞተርም ወደ ፀሐይ ኃይል ተለውጧል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ግን አንድ ነገር እየተመላለሰ ይታያል፦ አዲስ ውሃ ይወጣል፣ ውሃውን ማን፣ በየትኛው ወር፣ ለስንት ከብት እንደሚጠቀምበት የሚወስነው ሥርዓት ግን አብሮ አይወጣም። የዛሬዎቹ ወራሾች ከአባቶቻችን ጉድጓዱን ተቀብለናል። ሕጉን ግን በሙሉ የተቀበልን አይመስለኝም።

ከካራማራ ተራሮች በስተምሥራቅ የተዘረጋውን ሜዳ ሪቻርድ በርተን በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር ሲሄድ አልፎበታል፤ በመጽሐፉም የማረር ሜዳ ብሎ ጽፎለታል። ሰፊ የሣር ባሕር ነው። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ሲዘለቅ ሃውድ ይከተላል፤ ቋሚ ወንዝ የሌለው፣ ዝናብ ሲጥል ግን ለግጦሽ ወደር የማይገኝለት አምባ ነው። ፋፈንና ጀረር የሚባሉት ወንዞች የሚነሱት በዚሁ በሰሜኑ ከፍታ ሲሆን፣ አቅጣጫቸው ወደ ዋቢ ሸበሌ ቢሆንም ውሃቸው እዚያ የሚደርሰው ዝናቡ ሲበረታ ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ አሸዋ ናቸው። ውሃው ግን ከአሸዋው ሥር አለ፤ ሰውም የሚያገኘው በመቆፈር ነው።

በዚህ ምድር ላይ የኖረው የሶማሌ አርብቶ አደር ኑሮውን የሰፋው በወቅቶች ልክ ነው። በሲቲና በፋፈን ዞኖች ዋናዎቹ ዝናቦች ዲራና ከረን ይባላሉ፤ ወደ ደቡብ ሲወረድ ደግሞ ጉና ደይር ናቸው። ከዚያ ጅላል፣ ረጅሙ በጋ ይመጣል። ዝናብ ሲጥል ኩሬዎች ይሞላሉ፣ መንጋው ወደ ሃውድ ይወጣል። ኩሬው ሲነጥፍ መንጋው ቋሚ ጉድጓድ ወዳለባቸው ሸለቆዎችና ወደ ተራሮች ግርጌ ይመለሳል። ሃውድ በጅላል ሰው አልባ ይሆናል፤ ሣሩም ያርፋል፣ ዘሩም ይበተናል፣ አፈሩም ከኮቴ ይገላገላል። ማንም ዘበኛ ሳይቆምበት የውሃው አለመኖር ራሱ የሣሩ ጠባቂ ነበር።

ለቋሚዎቹ ጉድጓዶች ደግሞ ሄር የተባለው የሶማሌ ባህላዊ ሕግ ነበረላቸው። የቆፈረ ቅድሚያ አለው፤ የተጠማ መንገደኛ አይከለከልም፤ ከሩቅ የመጣ ባለመንጋ በሽማግሌዎች ስምምነት ተራ ይሰጠዋል፤ ግመል ብዙ ቀን መታገስ ስለሚችል ላምና ጥጃ የሚቀድሙበት ጊዜ አለ። በዚህ ሕግ ምክንያት ጠብ አልነበረም ማለት አይደለም። ነበረ፤ ደም የፈሰሰበትም ብዙ ነው። ነገር ግን ጠቡ የሚዳኝበት ሸንጎና የሚከፈልበት ካሣ ነበረ። በደቡብ ያሉት የቦረና ወገኖቻችን ለጥልቅ ጉድጓዶቻቸው አባ ሄሬጋ ሾመው የመጠጫውን ተራ ሲያስከብሩ ኖረዋል። የቋንቋው ልዩነት እንዳለ ሆኖ ሐሳቡ አንድ ነው፦ ጉድጓድ ካለ ሹም አለ፣ ሹም ካለ ተራ አለ።

የውጭ ኃይሎችና የኢትዮጵያ መንግሥት ድንበር ለማስመር ሲቀመጡም ይህን እውነት ሊያልፉት አልቻሉም። በ1889 ዓ.ም. የእንግሊዙ መልእክተኛ ሬኔል ሮድ ከዐፄ ምኒልክ ጋር ስምምነት ካደረገ በኋላ ሐረር ላይ ከራስ መኮንን ጋር በተለዋወጠው ደብዳቤ ድንበሩ በሃውድ ላይ ተሰመረ። በዚያው ደብዳቤ ከመስመሩ በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሳዎች በማዶው ግጦሽ እንዲጠቀሙ፣ በአቅራቢያቸው ወዳሉት ጉድጓዶችም በነፃነት እንዲደርሱ ተፈቀደ። ይህን አንቀጽ ባነበብኩት ቁጥር አከብረዋለሁ። የጊዜው ሰዎች ካርታ ሲስሉ፣ ካርታው የማይቀይረው ነገር መኖሩን አውቀው በጽሑፍ አስቀምጠዋል። ሃውድና በዚያ ዙሪያ ያለው ቦታ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ቆይቶ በ1947 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ሲመለስም፣ የድንበር ማዶ ከብት አርቢዎች የግጦሽ መብት እንደገና የስምምነቱ አካል ሆኗል።

ስምምነቱ ሲዘነጋ ምን እንደሚከተል ለማየት ደግሞ በዚሁ ክልል በስተደቡብ ምሥራቅ ያለችውን ወልወልን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ቦታ ከ300 በላይ ጉድጓዶች ነበሩ። ጣሊያኖች ጉድጓዶቹን ይዘው ምሽግ ሠሩ። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የድንበር ኮሚሽን በ1927 ዓ.ም. ኅዳር ወር ወደዚያ ሲደርስ ፍጥጫ ሆነ፤ ኅዳር 26 ቀን ተኩስ ተከፈተ። ሙሶሊኒ የፈለገው ሰበብ ይኸው ነበር። ዓለም ይህን ታሪክ የሚያስታውሰው በጄኔቭ ስለተደረገው ክርክርና በቀጣዩ ዓመት ስለተጀመረው ወረራ ነው። ለአካባቢው ሰው ግን ወልወል ከሁሉ በፊት ከብት የሚጠጣበት ቦታ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ የነበረው መንግሥት ውሃን እንደ ልማት ማየት ጀመረ። ዓይኑ ያረፈው ግን በታላላቅ ወንዞች ላይ ነበር። ቆቃ ግድብ በ1952 ዓ.ም. ተጠናቀቀ፤ በዚያው ዓመት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ውሃ አጠቃቀም ራሱን የቻለ ክፍል አካተተ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ። በአሜሪካኖች ድጋፍ የዓባይ ተፋሰስ ተጠና፤ በፈረንሳዮች ድጋፍ ደግሞ ዋቢ ሸበሌ። ጥናቶቹ ትልቅ ሥራዎች ናቸው፤ እስከ ዛሬም መነሻ ሆነው ያገለግላሉ። ነገር ግን ወንዝ የሌለበት አገር በወንዝ ጥናት ውስጥ ቦታው ጠባብ ነው።

በዚያው ዘመን በሃውድ ላይ ሌላ ለውጥ ያለ ብዙ ድምፅ ይካሄድ ነበር። ቢርካ መጣ። ቢርካ ማለት መሬት ውስጥ ተቆፍሮ በሲሚንቶ የሚለሰን፣ የዝናብ ጎርፍ የሚጠራቀምበት ጉድጓድ ነው። ከ1940ዎቹ ጀምሮ ነጋዴዎችና ሀብት ያላቸው ከብት አርቢዎች እየሠሩት በሃውድ ተስፋፋ። ለቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ እናቶችን ከረጅም የውሃ መንገድ አሳርፏል። ይህን በጎ ነገር የሚክድ በበጋ ውሃ ፍለጋ የተጓዘች ሴት ያላየ ብቻ ነው። ዋጋው የታየው ቆይቶ ነው። ቢርካ የግል ነው፤ ውሃውም ይሸጣል። ባለ ቢርካው ከቢርካው አጠገብ ይሰፍራል፣ በዙሪያው ያለውን ሣርም ያጥራል። ቀድሞ በጅላል ያርፍ የነበረው ሃውድ ዓመቱን ሙሉ የሚረገጥ ሆነ፤ ዝናብ ሲቀር ደግሞ ቢርካው ይደርቅና የሰፈረው ሰው ወደ ሸለቆው የሚመለስበት የግመል መንገድም፣ ተራ የሚሰጠው ጉድጓድም አይኖረውም።

መንግሥትም ከዚህ ብዙም አልተለየም። በ1960ዎቹ መጨረሻ በዓለም ባንክ ድጋፍ ሦስተኛው የእንስሳት ልማት ፕሮጀክት ሲጀመር ከሦስቱ ዋና ማዕከላት አንዱ የጅግጅጋ የግጦሽ መሬት ልማት ነበር፤ ሌሎቹ በቦረናና በአፋር ነበሩ። በማሽን ኩሬ መቆፈርና መንገድ መጥረግ ከዋና ሥራዎቹ መካከል ነበሩ። የ1969ና የ1970 ዓ.ም. የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ሥራውን አቋረጠው፤ ጅግጅጋም በ1970 መስከረም ተይዛ የካቲት 26 ቀን ከካራማራ ውጊያ በኋላ ነፃ እስክትወጣ ድረስ የጦር ሜዳ ሆነች። ከዚያ በኋላ ሥራው በተለያየ ስም ቀጥሏል። ባለሙያዎቹ ሣርንና ውሃን አንድ ላይ ማሰብ እንደሚገባ ያውቁ ነበር። ሆኖም በሪፖርት የሚቆጠረው የተቆፈረው ኩሬ ነው። ሰው መክሮበት ሳይቆፈር የቀረ ኩሬ፣ ሆን ተብሎ ውሃ አልባ የተተወ ግጦሽ፣ በጅላል የተዘጋ የውሃ ነጥብ በየትኛውም የሥራ አፈጻጸም ሠንጠረዥ ላይ አይገባም።

በ1980 ዓ.ም. ሃርጌሳ በቦምብ ስትደበደብ ሕዝቡ ድንበር ተሻግሮ ሀርትሼክ ላይ ሰፈረ። ካምፑ በአንድ ወቅት እስከ 250,000 ሰው ይዞ ከዓለም ትልቁ የስደተኛ ጣቢያ ለመባል በቅቷል። የሰፈረበት ሜዳ ቋሚ ውሃ አልነበረውም፤ ለዓመታት የኖረው በቦቴ በሚመላለስ ውሃ ነው። ካምፑ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ። በቀብሪ በያህ ግን ስደተኛው ቆየ፤ እዚያም ለዓመታት ቦቴ ሲመላለስ ከቆየ በኋላ ከጀረር ሸለቆ ጉድጓዶች ውሃ በቧንቧ ተስቦ ለስደተኛውም ለነባሩም ነዋሪ ደረሰ። ይህ ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል። ለአንድ ጊዜ አደጋ የወጣ ገንዘብ ለከተማ የሚቀር ሀብት ሆኗል። በአንጻሩ በሌሎች ቦታዎች የቦቴ ውሃ ከአደጋ ጊዜ መፍትሔነት አልፎ በየድርቁ የሚጠበቅ የበጀት ርዕስ ሆነ። ድርቅ በመጣ ቁጥር ቦቴ ይሰማራል፣ ዝናብ ሲዘንብ ይረሳል፣ ቀጣዩ ድርቅ ሲመጣ እንደ አዲስ ይጀመራል።

አሁን ወደ ፖሊሲው እንምጣ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ አደረገ፤ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ደነገገ፤ ክልሎችን የሚያገናኙና ድንበር የሚሻገሩ ወንዞችንና ሐይቆችን ለፌዴራል መንግሥት ሰጠ። በ1991 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የውሃ ሀብት አስተዳደር ፖሊሲ ወጣ። በቀጣዩ ዓመት አዋጅ ቁጥር 197/1992 ተከተለ። ሁለቱንም በጥሞና ላነበበ ሰው ያላቸው አስተዋይነት ያስደንቃል። ውሃ የጋራ ሀብት ነው፤ የመጠጥ ውሃ ከሌላው አጠቃቀም ሁሉ ይቀድማል፤ የእንስሳት ውሃ የውሃ አቅርቦት አካል ነው፤ ተጠቃሚው፣ በተለይም ሴቶች፣ በአስተዳደሩ ይሳተፋሉ። አዋጁ በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድና ለባህላዊ ከብት እርባታ ፈቃድ አይጠይቅም። የሄርን መንፈስ የሚያውቅ ሰው በእነዚህ አንቀጾች ውስጥ የአባቶቹን ድምፅ ሊሰማ ይችላል።

ችግሩ የመጣው በአፈጻጸሙ ቅርጽ ነው። ፖሊሲው አገሪቱን የሚያየው በተፋሰስ ነው፤ ኢትዮጵያም በ12 ተፋሰሶች ትከፈላለች፣ በዓመትም ወደ 122 ቢሊዮን ሜትር ኩብ የገጸ ምድር ውሃ እንዳላት ይነገራል። ዋቢ ሸበሌ በስፋት ከሁሉ ይበልጣል፤ ከ200,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያልፋል፣ ውሃው ግን ከ3 እስከ 4 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ብቻ ነው። ከ12ቱ መካከል ኦጋዴንና አይሻ የሚባሉትም አሉ። በሠንጠረዡ ላይ ከስማቸው ትይዩ የሚነበበው ቁጥር ዜሮ ነው። የገጸ ምድር ፍሰት ስለሌላቸው ቁጥሩ ትክክል ነው። ይሁን እንጂ በዚያ ዜሮ ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ግመል ይጠጣል፣ ከተማ ያድጋል። ተቋሙም ቁጥሩን ተከተለ። አዋጅ ቁጥር 534/1999 የተፋሰስ ባለሥልጣናትን ሲፈቅድ በተግባር የተቋቋሙት ለዓባይ፣ ለአዋሽና ለስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ነበሩ፤ የዋቢ ሸበሌ ተራ ሳይደርስ በ2011 ዓ.ም. ሁሉም በአንድ የተፋሰሶች ልማት ባለሥልጣን ተጠቃለሉ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ሥራው ወደ ውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር ገባ። በ15 ዓመት ውስጥ ይህን ያህል የተገላበጠ ቤት ውስጥ የጉድጓድ ጥልቀት መዝገብ በአንድ እጅ ሊቆይ አይችልም።

የከርሰ ምድር ውሃ ከወንዝ የሚለየው አለመታየቱ ነው። ወንዝ ሲቀንስ ሁሉም ያየዋል። ጉድጓድ ሲወርድ የሚያውቀው ፓምፑን የሚያስነሳው ሠራተኛ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚናገርለት ወገን ከሌለ ቧንቧውን አስረዝሞ ዝም ይላል። ጅግጅጋ የምትጠጣው ከጀረር ሸለቆ ጉድጓዶች ነው። ከ1987 ወዲህ ከተማዋ የክልል መቀመጫ ሆና በብዙ እጥፍ አድጋለች፤ ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚወስደው መንገድም ንግድንና ሰውን አብዝቷል። ቧንቧ ባልደረሰበት ሠፈር የአህያ ጋሪ ውሃ ያመላልሳል፤ ድሃው ለአንድ ጀሪካን የሚከፍለው ቧንቧ ካለው ሰው ይበልጣል። የሸለቆው ውሃ በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚተካና ምን ያህል እንደሚቀዳ በአደባባይ የሚነገርበት ሥርዓት ያስፈልጋል። ሽማግሌዎቹ የጉድጓዱን ጥልቀት በገመዳቸው ያውቁት ነበር፤ ገመዱ ሲረዝም ሁሉም ያይ ነበር፣ ተራውም ይጠብቅ ነበር። እኛ በሞተር ስንቀዳ ይህን ዓይን አጣነው።

ከዲሬዳዋ በስተሰሜን፣ በሲቲ ዞን ያለው ታሪክ ደግሞ በተለይ ትኩረት ይሻል። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ዲሬዳዋ ሲደርስ በደወሌ፣ በአይሻ፣ በአዲጋላና በሽንሌ በኩል አለፈ፤ የእንፋሎት ባቡር ያለ ውሃ አይሄድምና ውሃና ሐዲድ በዚያ በረሃ አብረው ኖረዋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ውሃው በተቃራኒ አቅጣጫ ተጓዘ። ኢትዮጵያና ጅቡቲ በ2005 ዓ.ም. በተፈራረሙት ስምምነት መሠረት በአዲጋላ አካባቢ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፍረው፣ በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ቧንቧ ለጅቡቲ ከተሞች በቀን ወደ 100,000 ሜትር ኩብ ውሃ እንዲደርስ ተሠራ፤ ገንዘቡም ከቻይና ኤግዚም ባንክ በተገኘ ብድር ተሸፈነ። ለጎረቤት ውሃ መስጠት የ1889ኙን ደብዳቤ መንፈስ የተከተለ ሥራ ነው፤ እኔም እንደ ኢትዮጵያዊ እኮራበታለሁ። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በ2007 ዓ.ም. ዲራውም ከረኑም ሲቀሩ ሲቲ በዚያ ዓመት ድርቅ ክፉኛ ከተመቱት የአገራችን ክፍሎች አንዷ ሆነች፤ የግመል፣ የላምና የበግ ሬሳ በየሜዳው ተነጠፈ። በሠንጠረዥ ዜሮ የተጻፈበት ምድር ሥር ለአንድ አገር ዋና ከተማ የሚበቃ ውሃ መኖሩ እየታወቀ፣ በላዩ ያለው አርብቶ አደር መንጋውን ማጣቱ ፖሊሲውን ሊያስቆጨው ይገባል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በተከታታይ የቀሩት የዝናብ ወቅቶችም ይህንኑ አሳይተዋል።

ከፊታችን ያለው ዘመን የከርሰ ምድር ውሃ ዘመን ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የዓለም ባንክ ለአፍሪካ ቀንድ የከርሰ ምድር ውሃ 385 ሚሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ 210 ሚሊዮኑ ለኢትዮጵያ ተመድቧል። ብዙ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል ማለት ነው። ቁፋሮውን እደግፋለሁ፤ ሕፃን በጥም እያለቀሰ ስለ ሣር እረፍት የሚሰብክ ሰው አልሰማም። ነገር ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤትና የአካባቢው ሽማግሌዎች በአንድ ወረቀት ላይ ተስማምተው ይፈርሙ። በየትኛው ወቅት ይከፈታል? በየትኛው ይዘጋል? ከሩቅ የመጣ መንጋ በምን ሁኔታ ይጠጣል? ናፍጣውንና ጥገናውን ማን ይከፍላል? ውሃው በስንት ሜትር ሲወርድ ፓምፑ ይቆማል? በሃውድ ደግሞ በጅላል ውሃ የማይወጣባቸው ሜዳዎች በፖሊሲ ተለይተው ይከለሉ። ይህን ለመጻፍ አዲስ ሕግ አያስፈልግም። አዋጅ 197 ፈቃድ የመስጠትና ቅድመ ሁኔታ የማስቀመጥ ሥልጣን ለተቆጣጣሪው አካል ሰጥቷል፤ ቅድመ ሁኔታው የሄርን ሥርዓት እንዳያካትት የሚከለክለው ነገር የለም።

ጅማሬው ከሲቲ ቢሆን እመርጣለሁ። የአዲጋላ ጉድጓዶች የታወቁ ናቸው፣ መቆጣጠሪያ መሣሪያ አላቸው፣ ሁለት መንግሥታት ይጠቀሙባቸዋል፣ በላያቸውም ድንበር የማያግደው መንጋ ያልፋል። በየወሩ የሚለካው የውሃ ከፍታ በአዲስ አበባና በጅቡቲ ብቻ ሳይወሰን በአዲጋላና በአይሻ አደባባይ በሶማሊኛ ይለጠፍ፤ ከሚወጣው ውሃ ለአካባቢው ሰውና ከብት የሚቀረው ድርሻ በስምምነቱ ተያያዥ ሰነድ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ በድርቅ ዓመት ያ ድርሻ እንዴት እንደሚጨምርም ከወዲሁ ይወሰን። ሬኔል ሮድና ራስ መኮንን ስለ ጉድጓድ መዳረሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር የጻፉትን፣ ሁለቱ መንግሥታትና የሲቲ ሽማግሌዎች ቀጣዩ ከረን ከመቅረቱ በፊት በሜትር ኩብ ሊጽፉት ይችላሉ።